የእቴቴ ድርሻ

ልጅ ሳለሁ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። አንድን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀርቶ ለምን ያቆማል? ረስቷት ነው? ደክሞት ነው? ወይስ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዲሰማ የማይፈለግ ሰው እዚያው እሳቱ ዙሪያ ተቀምጧል?

ነጋሪው አያቴ ነበሩ። አባባ እንላቸው ነበር። በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው መካኒሳ አቦ አጠገብ፣ ያኔ አጥር እንኳን ባልነበረበት ሜዳ ላይ፣ ጭቃ ቤት ሠሩ፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆነው ኖረው በጡረታ ወጡ። ከዚያ በፊት የቤተ ክህነት ተማሪ ስለነበሩ የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ የሚነግሩን የጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነበር። አብርሃምን «ያ ሰውዬ» ይሉታል፤ ላባን ሲያነሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ያታለላቸው ደላላ እንደሆነ ሁሉ ፊታቸው ይጠቁራል።

እኔ በማውቀው ጊዜ ግቢው ሦስት ቤት ሆኖ ነበር። መሀል ላይ የአባባ ጭቃ ቤት፤ በመንገዱ በኩል አባቴ የሠራው የብሎኬት ቤት፤ ከጓሮ ደግሞ እቴቴ የምትኖርበት አንድ ክፍል። እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እኔ ሳልወለድ ተድራ ሄዳ ነበር፤ ባሏ ሌላ ሲያገባባት አንድ ሻንጣና ፍራሿን ይዛ ወደ አባቷ ግቢ ተመለሰች። ሴት አያቴን አስታማ የቀበረቻት እሷ ናት። አባባንም እስከ መጨረሻው የጦረቻቸው እሷ ናት። የሁሉም ታላቅ የሆኑት አጎቴ ጋሼ መኮንን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከፍተው እዚያው ቤት ሠርተዋል፤ በፍልሰታ ጾም ግን ልጆቻቸውን ከእኛ ጋር እንዲያስቀድሱ አምጥተው ይተዉልን ነበር።

ታሪክ የሚነገረውም በፍልሰታ ነበር። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቀኑን ቅዳሴ ቆመን እግራችን የዛለ ልጆች የከሰል ማንደጃውን ከበን እንቀመጣለን። ፋኖሱ የሚቀመጠው ብረት ሳጥኑ ላይ ነው። መስታወቱ በአንድ በኩል በጥላሸት ስለጠቆረ ብርሃኑ የክፍሉን ግማሽ ብቻ ያሳያል፤ አባባ በብርሃኑ በኩል፣ እቴቴ በጨለማው በኩል ይቀመጣሉ። እቴቴ የበቆሎ እሸት ትጠብሳለች፤ ፍሬው ፍሙ ላይ ሲንጣጣ፣ የቅጠሉ ጭስ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ የአባባ ድምፅ ከዝናቡ ድምፅ በላይም ሳይሆን በታችም ሳይሆን አጠገቡ ይሄዳል። ያኔ ሌሎቹ ልጆች የሚያዩት አባባን ነበር። እኔ ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰሚዎቹን ነበር የማየው። ዓይነ አፋር ልጅ ስለነበርኩ ሰው ሲያየኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰው ሌላ ቦታ ሲያይ ግን እኔ እሱን አያለሁ።

እንዲህ እያየሁ ነው ነገሩን ያስተዋልኩት። አባባ ስለ ሴት ልጆች ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተካ በበረሃ የሞተባቸውን አምስቱን የሰለጰዓድን ልጆች ሲያነሱ፣ አምስቱም በሙሴና በካህኑ ፊት፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆመው «የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል? ለእኛም ርስት ስጡን» እንዳሉ፣ ሙሴም ፍርዱን ወደ እግዚአብሔር እንዳቀረበ፣ እግዚአብሔርም እውነታቸውን ነው እንዳለ ሲናገሩ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ወዲያው ደግሞ ጋቢያቸውን ይሰበስቡና ቶሎ ብለው ይጨምራሉ፤ «ታዲያ ወንድም ስላልነበራቸው ነው።» ማንም ሳይጠይቃቸው። ሁልጊዜ። ይህን ሲሉ አንድም ቀን ወደ እቴቴ አላዩም፤ እቴቴም ያን ጊዜ ሁልጊዜ ከሰል ለመጨመር ትነሳለች፤ ፍሙ ገና ቀይ ሆኖ ሳለ።

የኢዮብ ታሪክ ለመጨረሻዎቹ ምሽቶች የሚቆይ ነበር። ቁስሉን፣ አመዱን፣ የሚያደርቁትን ጓደኞቹን ሁሉ አልፈን መልካሙ ጋ ስንደርስ የአባባ ፊት ይፈታል።

«ከዚያማ» ይሉናል፣ «ያጣውን ሁሉ እጥፍ አድርጎ መለሰለት። በጉ እጥፍ፣ ግመሉ እጥፍ። ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ወለደ። የወንዶቹን ስም ማንም አልጻፈው፤ የሴቶቹ ስም ግን አንድ በአንድ ተጽፏል። በዚያ አገር ሁሉ እንደነሱ ያማሩ ሴቶች አልተገኙም።» ዝም ይላሉ። «ይኸው ነው» ይላሉ። የጋሼ መኮንን ልጆች በቆሎ ላይ መሻማት ይጀምራሉ።

አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ክረምት የአባባን ዓይን ሞራ ጋረደውና አንባቢያቸው እኔ ሆንኩ። ሰው ፊት አፌን የማልከፍት ልጅ መጽሐፍ ሲሰጠኝ አነብ ነበር፤ መጽሐፉ ፊቴን ይከልልኛልና። አንድ ምሽት ጋሼ መኮንን ልጆቻቸውን ሊወስዱ መጥተው ዝናብ ይዟቸው ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል፤ አባቴም አለ። የኢዮብን መጨረሻ እያነበብኩ ነው። የበጎቹን ቁጥር፣ የልጆቹን ቁጥር አልፌ፣ የሦስቱን ሴቶች ስም እየተንተባተብኩ አልፌ፣ በአገሩ ያማሩ እነሱ እንደነበሩ አንብቤ ትንፋሽ ስወስድ የአባባ እጅ መጣ። ትልቅ፣ አመድ አመድ የሚሸት እጅ፣ ገጹ ላይ ተዘረጋ።

«ይብቃሽ ልጄ፤ ዓይንሽ ይታመማል።»

መጽሐፉን ራሳቸው ከደኑት። ጋሼ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቴ የጫማውን ጭቃ መፋቅ ጀመረ። እቴቴ በአንድ በኩሉ ከሰል የሆነውን በቆሎ እንደገና በዚያው በኩል እሳቱ ላይ አዞረችው።

እኔ ያንን እጅ ብቻ ነበር የማየው። ዓይናቸው አያይም። የት ቦታ እንደደረስኩ በምን አወቁ?

በማግስቱ በቀን ብርሃን፣ አባባ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ፣ መጽሐፉን ከሳጥኑ አውጥቼ እጃቸው ያረፈበትን ቦታ ፈለግሁ። ከውበታቸው ቀጥላ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ አባታቸው ለሴቶቹ ልጆቹ ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት እንደሰጣቸው የምትናገር። እነዚህ ሴቶች እንደ ሰለጰዓድ ልጆች አይደሉም፤ ወንድሞች አሏቸው፤ ሰባት። አባታቸውም አልሞተም። ማንም ፊት ቆመው አልጠየቁም። እንዲሁ ሰጣቸው።

እቴቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«እቴቴ፣ ኢዮብ ለሴት ልጆቹም ርስት ሰጥቷቸዋል አይደል?»

«ሰጥቶ ይሆናል፤ ሀብታም አይደል እንዴ!»

«አባባ ለምን አይናገሩትም?»

ሳሙናውን ዘፍዝፋ የያዘችው ሸሚዝ ላይ ጫን አድርጋ አሸችው። የአባቴ ሸሚዝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ታሪክ ነው የምትሰሚው ወይስ ምርመራ ላይ ነሽ? ነገ ደግሞ ኖኅን ጠርተሽ መርከቡን በማን ፈቃድ ሠራኸው ልትዪው ነው።» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሄድኩ በኋላ ነው ጥያቄዬን እንዳልመለሰችልኝ ያወቅሁት።

ከዚያ ወዲያ አባባን መጠርጠር ጀመርኩ። እወዳቸው ነበር፤ እየወደድኩም እጠረጥራቸው ነበር። ጉንጬን ሲስሙኝ፣ ከኪሳቸው ከረሜላ ሲያወጡልኝ፣ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ወደኋላ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከተማሪው ሁካታ ይልቅ ቤተ መጻሕፍቱን መርጬ ስኖር፣ ማናቸውንም መጽሐፍ ስከፍት በቅድሚያ የምፈልገው ሰው እጁን ያሳረፈበትን ቦታ ሆነ። ስለ ወዳጆቼም እንዲሁ ነበርኩ፤ ሰው ሲያወራኝ የተናገረውን ትቼ ያልተናገረውን እፈልጋለሁ። ይህ ጥሩ ጠባይ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አባባ ያረፉት አምና ነው። ሙት ዓመታቸው ከወጣ በኋላ የግቢው ነገር ተነሳ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ መኮንን እኛ ሳሎን ተቀምጠው፣ አባቴ ፊት ለፊታቸው፣ እቴቴ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ።

«ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ በሽማግሌ ፊት እንጨርሰዋለን» አሉ ጋሼ መኮንን። «የእቴቴ ነገር ያለቀ ነው። ድንኳን ተክለን፣ ሰንጋ ጥለን፣ አገር ጠርተን ድረናታል። የሴት ልጅ ድርሻ ድግሷ ነው። አባባም ይህንኑ ነው ያሉኝ፤ ለእኔ ነግረውኛል።»

መቼ? አልኩ በልቤ። ማን በተቀመጠበት? አባባ በታመሙበት ዓመት ሁሉ ጋሼ መኮንን እንግዳ ሆነው ነበር የሚመጡት፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ። ጥርጣሬዬ ግን እሳቸው ላይ ብቻ አላረፈም። አባባ እንዲህ ብለው ሊሆን ይችላል። ያ እጅ ይህን ሊናገር ይችላል።

እቴቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እውነት ነው ወንድምጋሼ። የበላው ሰው ሁሉ ድርሻዬን በሆዱ ይዞት ሄደ። ያልደረሰኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሙሽራ ናት ትፈር ተብዬ ጦሜን ነው የዋልኩት።»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ መኮንን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንቺ ሴትዮ!» አሉ። አባቴም ሳቀ። እኔ የላባ ሴት ልጆች ትዝ አሉኝ፤ አባታችን እንደ ባዕድ ቆጥሮን ዋጋችንን በላው ያሉት። እቴቴን አየኋት። አፏ ይስቃል፤ እጇ ግን የነጠላዋን ጥለት ጨብጦ ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቴ ከሥራ ስመለስ ጠራኝ። ብቻችንን ነበርን፤ እናቴ ሥራ ቦታዋ ተረኛ ናት፤ ወንድሜ ገና አልገባም።

«ቲጂ፣ ነይ ተቀመጪ። እኔ እንደ ድሮ ሰው አይደለሁም። አንቺንና ወንድምሽን አላበላልጥም። እኔ ከሚደርሰኝ ላይ የጓሮው ቦታ ያንቺ ነው። ያቺን አሮጌ ክፍል አፍርሰን ሁለት ክፍል ቤት ከነመታጠቢያው እንሠራልሻለን። ትዳር ያዝሽም አልያዝሽም፣ የራስሽ ነው።»

ዓይኑ በርቶ ነበር። አባቴ ስጦታ መስጠት ይወዳል። ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ይህን ካልተናገርኩ ውሸት ይሆናል። ከዚያ ክፍሏ የማን እንደሆነች ትዝ አለኝ።

«እቴቴስ?»

«ከእኛ ጋር ትሆናለቻ! ከወጥ ቤቱ ውስጥ ያለችው ክፍል ምን አላት? ለብቻዋ ከምትሆን ይሻላታል። እሷ ምን ቸገራት፣ እሷ ለሁሉም እሺ ናት።» ከዚያ ፈገግ አለና፣ «ኢዮብስ ቢሆን ለሴት ልጆቹ ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት ሰጥቶ የለም?»

ያቺን ዓረፍተ ነገር አባቴ ያውቃታል። አባቴ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ከአባባ አፍ የሰማውን ነው። እንግዲያው አባባ ተናግረዋታል። እኔ ሳልወለድ፣ አንድ ቀን፣ እዚያው እሳት ዙሪያ ተናግረዋታል ማለት ነው፤ አባቴም ሰምቶ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አስቀምጦ፣ ለራሱ ልጅ ሲሆን አወጣት። ደግሞ ከወጥ ቤቱ ውስጥ ያለችውን ክፍል አሰብኩ። ሽንኩርትና ከሰል የሚቀመጥባት ናት። ወደ ደጅ የሚወጣ በር የላትም፤ የሚገባባት በወጥ ቤቱ አልፎ ነው።

ወጥቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። እቴቴ በሯን ከውስጥ ቀርቅራ ትቀመጣለች፤ ቀንም ቢሆን። አንኳኳሁ። ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ምስር ትለቅማለች። ሰው ፊት የማልናገረውን ለእሷ ተናገርኩ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አባባን እንደጠረጠርኩ፣ እጃቸውን ገጹ ላይ እንዳየሁ፣ ሆነ ብለው ሲያቆሙ እንደኖሩ ነገርኳት።

ጥቁሯን ጠጠር ከምስሩ ለይታ ወደ ደጅ ወረወረች። «አባባን ነው ይህን ሁሉ ዘመን ስታሚ የኖርሽው? ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ከባሌ ቤት የተመለስኩ ዓመት፣ በፍልሰታ፣ ታሪኩን እስከ ጫፉ ተናገሩት። ከዚያ ወንድሞቼን እያዩ ‹ሰማችሁ?› አሏቸው። ወንድምጋሼ የያዘውን በቆሎ ጥሎ ወጣ። እስከ ፋሲካ እዚህ ግቢ አልደረሰም። እናቴ በዚህ ነገር ስታለቅስ ነው ሕመሟ የባሰባት። እኔ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አባባ፣ እነሱ ባሉበት እባክዎ እዚያ ጋ አይድረሱ አልኳቸው። ባል አጣሁ፤ ደግሞ በመሬት ወንድም ልጣ?» ቀና ብላ አየችኝ። «ስለዚህ የአባቴን ነፍስ ተይልኝ።»

አመንኳት? እዚያው ሆኜ አላወቅሁም። እቴቴ የሰው ጥፋት የምትሸፍን ሰው ናት፤ የአባባን ነውር ለመሸፈን ይህን ከራሷ ፈጥራ ልትናገር ትችላለች። እውነት ከሆነም ደግሞ አባባን ሙሉ በሙሉ ነፃ አያወጣቸውም። አንድ ምሽት ተናገሩ፤ ልጃቸው ስላኮረፈ ዝም አሉ፤ ልጃቸው የለመነቻቸው በታሪኩ ዝም እንዲሉ እንጂ በሽማግሌ ፊት፣ በኑዛዜ ዝም እንዲሉ አልነበረም። ዝምታቸው ለእሷ ወንድም አተረፈላት፤ ቤት ግን አላተረፈላትም። ይህን ልነግራት አልፈለግሁም። የነገርኳት ሌላውን ነው።

«ክፍልሽን ሊያፈርሷት ነው፣ እቴቴ።»

ምስሩ ላይ የነበረው እጇ ቆመ። አልነገሯትም ነበር። ሁለቱም ወንድሞቿ፣ ልብሳቸውን ስታጥብ የኖረችላቸው፣ አንዳቸውም አልነገሯትም።

«ማን ነው ያለው?»

«አባዬ።»

«ማን ሊገባበት?»

አንገቴን ደፋሁ። ፊቴን አይታ ገባት። «ላንቺ ከሆነማ…» አለች፤ አልጨረሰችውም። ክፍሏን ዞር ብላ አየች፤ አልጋዋን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል፣ መቀርቀሪያውን። «ላንቺ ከሆነማ ምን እላለሁ? ብቻ የሚሰጡኝ ቦታ በር ይኑረው። ትንሽም ብትሆን፣ ዘግቼ የምተኛባት የራሴ በር።»

ያን ሳምንት ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። ሕጉ ሴትና ወንድ ልጅን በውርስ እንደማይለይ አውቃለሁ፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባትም አያስፈልግም። ታክሲ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት፣ መስታወት ፊት፣ በልቤ ተናገርኩት። የሽማግሌው ቀን ሲደርስ ግን ሳሎኑ በሰው ሞልቶ ሳየው ጥጌን ፈልጌ ተቀመጥኩ። የነፍስ አባታችን መሀል ተቀምጠዋል፤ ከእድሩ የመጡ ሁለት አዛውንት በግራና በቀኝ። ጋሼ መኮንን የሠርጉን ነገር ደገሙት። እቴቴ በሩ አጠገብ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ አባቴ ተነስቶ ከድርሻው ላይ የጓሮውን ቦታ ለሴት ልጁ እንደሰጠ ተናገረ።

«እሰይ! አባት ማለት እንዲህ ነው» አሉ የነፍስ አባታችን። አዛውንቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሴት ከወንድ አልለየም። ተባረክ። በይ ልጄ፣ ተነሺና ጉልበት ስመሽ ተቀበዪ።»

በእኛ ወግ ስጦታ የሚጸናው እንዲህ ነው። ተቀባዩ ይነሳል፤ የሰጪውን ጉልበት ይስማል፤ ሽማግሌዎች ያያሉ፤ አለቀ።

ተነሳሁ። አባቴ ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን አነሳልኝ፤ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በፊቱ አለፍኩ። በጋሼ መኮንን ፊት አለፍኩ። በሩ ጋ ደርሼ ተንበረከክሁና የእቴቴን ጉልበት ሳምኩ።

«ምነው ልጄ፣ አባትሽ እኮ እዚያ ናቸው!» አሉ አንዱ አዛውንት፤ የሳቀም ነበር። ዓይነ አፋርነቴን ሁሉም ያውቀዋል፤ ደንግጣ መንገድ ሳተች ብለው ነው።

ተናገርኩ። ያን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፍቶ ሁለት ቃል ብቻ ቀረኝ። እሱንም የነጠላዋ ጠርዝ ውስጥ ነው የተናገርኩት።

«ምን አለች?» አሉ የነፍስ አባታችን እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው። «አልሰማኋትም፤ ምን አለች?»

የሰማችኝ እቴቴ ብቻ ነበረች። ምንም አላለችም ብትል ያልቅ ነበር። አመሰገነች ብትልም ያልቅ ነበር፤ ሰውን ከመጣላት ምን ያህል እንደምትሸሽ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ እሷንም ጠረጠርኳት። ትሸፍነኛለች አልኩ፤ እንደሌሎቹ ሁሉ እኔንም ትሸፍነኛለች።

«የእቴቴ ነው፣ አለች» አለች እቴቴ።

«ነውም» አለች።

ጋሼ መኮንን ብድግ ብለው ኮታቸውን ያዙ። «ይኸው የተማረ ልጅ!» ብለው ለአባቴ ተናገሩና እህል ሳይቀምሱ ወጡ። አዛውንቶቹ ተያዩ። የነፍስ አባታችን ለረጅም ጊዜ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ ባለድርሻዋ ትቼዋለሁ ካላለች ሽማግሌ ትታዋለች ሊል አይችልም ብለው ነገሩን በይደር አቆሙት። አባቴ ሲመሽ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ «አዋረድሽኝ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን ይመልሳል እንጂ ከእኔ ጋር አይነጋገርም፤ እናቴ በመካከላችን መልእክት ታመላልሳለች።

ከእነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልኝ ብዬ አስባለሁ። የዝናቡ ድምፅ ቀርቷል፤ የቅጠሉ ጭስ ቀርቷል፤ ከሁሉ በላይ ግን የቀረው ጥርጣሬው ነው። ልጥለው ሞክሬ ነበር፤ አሁን ግን ልተወው እንደማልፈልግ አውቄያለሁ፤ ብቻ ከእንግዲህ እኔንም ይጨምራል። አባቴ ያን ስጦታ ሲነግረኝ ለአፍታ ደስ ያለችው ልጅ እኔ ነኝ። ቤቱ ከተሠራ፣ መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ፣ እቴቴ በወጥ ቤቱ በኩል ስትገባ ስትወጣ ዓመት ካለፈ በኋላ ይቺ ልጅ ምን ታስታውስ ነበር? ምንስ እያለች ታልፈው ነበር? አላውቃትም፤ ስለማላውቃት አላምናትም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በይደር ካቆሙት ወዲህ ወራሽነቷን በፍርድ ቤት ማሳወቅ እንደምትችል ለእቴቴ ነግሬያት ነበር። ትናንት እቴቴ በሯን ከፍታ ጠራችኝና፣ ዓይኗን ከእኔ መልሳ፣ «ያ የፍርድ ቤቱ ነገር ብቻዬን ይሆንልኛል ብለሽ ነው?» አለችኝ። ከዚያች በር ሌላ እቴቴ ለራሷ አንድ ነገር ስትጠይቅ በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ነገ ጠዋት ወራሽነቷን ለማሳወቅ አብረን እንሄዳለን፤ መናገር ሲያቅታት እኔ እናገራለሁ፤ እኔ ሲያቅተኝ እሷ። ለአባቴም ዛሬ ማታ፣ መልእክት በእናቴ ሳልልክ፣ ራሴ ነገርኩት፤ እቴቴ ድርሻዋን በስሟ ሳትይዝ ከዚህ ግቢ አንዲት ስንዝር አልቀበልም።